ኳድትሪን በሀስኬል ሲሠሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ኳድትሪ ነጥቦችን እንደ ቦታቸው በዛፍ መልክ የሚያስቀምጥ የመረጃ አደረጃጀት፣ ሀስኬል ደግሞ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። እዚህ የምንመለከተው ነጥቦች ሲበዙበት ቦታውን ወደ አራት እኩል ክፍሎች የሚከፍለውን የኳድትሪ ዓይነት ነው።

ምልክት፦ የገባው ነጥብ ሲፈለግ አይገኝም።
በሀስኬል ዛፍ አይለወጥም፤ የማስገቢያው ፋንክሽን አዲስ ዛፍ ይመልሳል፣ አሮጌው ግን እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ የተመለሰውን ዛፍ ለቀጣዩ ጥሪ ማቀበል ያስፈልጋል። ይህ ተደርጎም የጠፉት በመካከለኛው መስመር ላይ ያረፉ ነጥቦች ብቻ ከሆኑ፣ ሁለቱም ወገኖች ወሰኑን ከራሳቸው አውጥተውታል ማለት ነው። እያንዳንዱ ክፍል የታችኛውን ወሰን ያካትት፣ የላይኛውን ግን አያካትት፤ የሥሩንም (የዛፉን መነሻ) ክልል ከትልቁ ነጥብ ጥቂት አልፎ እንዲሄድ ያድርጉት።

ምልክት፦ መረጃው በሚጫንበት ጊዜ ሜሞሪው ያለማቋረጥ ያድጋል።
ሀስኬል ስሌቱን ውጤቱ እስኪፈለግ ድረስ ስለሚያቆየው፣ ነጥቦቹን ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ወደ ዛፉ የሚያስገባው ተራ ፎልድ (foldl) ያልተሰሉ የማስገባት ጥሪዎችን ያከማቻል። በስሙ መጨረሻ ጭረት ያለበትን ጥብቁን ፎልድ (foldl') መጠቀም የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ይሁንና እርሱ የሚያሰላው የዛፉን የላይኛውን ሽፋን ብቻ በመሆኑ፣ ከሥር ያሉት አራቱ ልጆች ሳይሰሉ ሊቆዩ ይችላሉ። ብዙዎች እዚህ ላይ ደርሰው ግራ ይጋባሉ። በዓይነቱ ትርጓሜ ላይ በልጆቹና በመጋጠሚያ ቁጥሮቹ መስኮች ፊት «!» (ወዲያው ይሰላ የሚል ምልክት) ማስቀመጥ ይህንን ይዘጋዋል። ዛፉ በአንድ ጊዜ ከነጥቦች ዝርዝር የሚገነባና ጥያቄው ጥቂቱን ክፍል ብቻ የሚነካ ከሆነ ግን ስንፍናው (ስሌትን የማቆየቱ ባሕርይ) ጥቅም ስላለው፣ በልጆቹ ላይ «!» ባይደረግ ይሻላል።

ምልክት፦ በአንዳንድ መረጃ ላይ ብቻ ፕሮግራሙ አያበቃም።
ይህ ከላይኛው ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ የሀስኬል ቁልል (ያላለቁ ጥሪዎች የሚቀመጡበት ሜሞሪ) በነባሪ እስከ 80 በመቶ የሜሞሪ ድረስ ማደግ ስለሚፈቀድለት፣ ማለቂያ የሌለው ጥሪ ስሕተት ከማሳየቱ በፊት ሜሞሪውን ይበላል። መለያው ቀላል ነው፦ ተደጋጋሚ ነጥቦችን አስወግደው ሲሞክሩት ችግሩ ከጠፋ፣ መንስኤው አንድ ሕንፃ ውስጥ እንዳሉ ሱቆች ተመሳሳይ መጋጠሚያ ያላቸው ነጥቦች ናቸው። ቁጥራቸው ከቅጠሉ (ነጥቦቹን ከሚይዘው የመጨረሻ ክፍል) አቅም ካለፈ፣ ቦታው የቱንም ያህል ቢከፈል አይለያዩም። የጥልቀት ገደብ ያብጁና ገደቡ ላይ የደረሰው ቅጠል ነጥቦቹን ያለ ገደብ በዝርዝር ይያዝ። የ100 ኪሎ ሜትር ጎን ያለው ቦታ ከ20 ክፍፍል በኋላ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚወርድ፣ ለከተማ ካርታ ከዚያ በላይ መውረድ ፋይዳ የለውም።

ምልክት፦ ቅርብ ጎረቤት ፍለጋው አዲስ አበባ ላይ ትክክል፣ ስቶክሆልም ላይ ስሕተት ነው።
ርቀቱ በዲግሪ ተሰልቷል። አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ከኬክሮሱ ጋር ይቀራረባል፤ ስቶክሆልም ላይ ግን 57 ያህል ነው። ነጥቦቹን ዛፉ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ወደ ሜትር ይቀይሩ፤ ለአዲስ አበባ የዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ሥርዓት) 37ኛው ሰሜናዊ ዞን ያገለግላል።