የአንድ ገጠር የምርጫ ክልል ታሪክ እንዴት ይነበባል? ባትል ሪቨር–ክሮውፉትን ይዘን እንየው

«እዚያ ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው፤ የአንተ ድምፅ ምን ይጨምራል?» አልበርታ ገጠር ገብቶ የካናዳ ዜግነት ያገኘ ሐበሻ ይህን ሳይሰማ አይቀርም። አሸናፊው መታወቁስ እውነት ነው። ግን የአንድን አካባቢ የምርጫ ታሪክ በአሸናፊው ስም ብቻ ካነበባችሁት ዋናው ነገር ያመልጣችኋል። ከካምሮዝ እስከ ድራምሄለር፣ በምሥራቅ እስከ ሳስካችዋን ድንበር የሚዘረጋውን የእህል፣ የከብትና የነዳጅ አገር፣ ባትል ሪቨር–ክሮውፉትን ይዘን እንሞክረው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን አጣሩ። ካናዳ በየአሥር ዓመቱ፣ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ፣ የምርጫ ክልሎችን ድንበር ትከልሳለች። ባትል ሪቨር–ክሮውፉት በዚህ ስም ድምፅ የሰጠው ከ2015 ጀምሮ ነው። በአዲሱ ስም ብቻ ከፈለጋችሁ ታሪኩ ትናንት የተጀመረ ይመስላችኋል። ከ1968 ወዲህ «ክሮውፉት» የሚባል ክልል ስለነበረ እሱንም ፈልጉ፤ ካርታውንም አብራችሁ ተመልከቱ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ከተሞቹ ሊለያዩ ይችላሉና።

ቀጥሎ የፓርቲ ስም እንዳያሳስታችሁ። በ1993 ሪፎርም፣ በ2000 ካናዲያን አሊያንስ፣ ከ2004 ወዲህ ኮንሰርቫቲቭ አሸነፈ። ወረቀት ላይ ሦስት ፓርቲ ነው፣ መራጩ ግን ያው መራጭ ነው። ቀኙ ወገን ተከፋፍሎ መልሶ የተዋሃደበት ጊዜ ስለሆነ ሕዝቡ ሐሳቡን ቀየረ ብላችሁ አትደምድሙ።

ጃክ ሆርነር ላይ ግን ቆም በሉ። ከብት አርቢ ነበር፣ ከ1958 ጀምሮ ለፓርላማ በተከታታይ የተመረጠ፣ በአካባቢው ስሙ የገነነ። በ1977 የቀኙን ወገን ፓርቲ፣ ፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭን ትቶ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒየር ትሩዶ ሊበራሎች ገባ፤ ሚኒስትርም ሆነ። በ1979 የክሮውፉት ሕዝብ አሰናበተው፣ መቀመጫውንም አርኖልድ ማሎን ወሰደ። በ1980 ደግሞ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ብዙ ሰው አልበርታ በፌደራል መንግሥቱ ላይ ያላትን ኩርፊያ የሚጀምረው በ1980 መገባደጃ ከወጣው፣ የነዳጅ ዋጋና ገቢ ላይ የፌደራሉን እጅ ካጠናከረው የትሩዶ የኢነርጂ ፕሮግራም ነው። ሆርነር የወደቀው ከዚያ በፊት መሆኑን ልብ በሉ። ቅደም ተከተሉን ካላያችሁ ምክንያቱን ትስታላችሁ።

ከዚያ መቶኛውንና የድምፁን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሚያዝያ 2025 የኮንሰርቫቲቩ ዴሚየን ኩሬክ 83 በመቶ ገደማ አገኘ። ከዚያ መቀመጫውን ለቀቀ፣ የፓርቲው መሪ ፒየር ፖሊየቭ በኦታዋ አካባቢ ተሸንፎ ስለነበር በነሐሴ ማሟያ ምርጫ እዚህ ተወዳደረና 80 በመቶ ገደማ አመጣ። ያው ይመስላል አይደል? የመጀመሪያው ግን ከ53 ሺህ በላይ ድምፅ ነው፣ ሁለተኛው ከ40 ሺህ ትንሽ ዘለል ያለ። በማሟያ ምርጫ የሚወጣው ሰው ስለሚያንስ ሁለቱን እኩል አትመዝኑ።

ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ያለው ሁለተኛው ቦታ ላይ ነው። በዚያው በነሐሴ ሁለተኛ የወጣችው የአካባቢው ሰው የሆነች፣ የቀድሞ ወታደር የግል ዕጩ ናት፤ ሊበራሉ ከእሷ በታች ቀረ። በ2021 ደግሞ ኩሬክ ከ85 ወደ 71 በመቶ ሲወርድ ከድምፁ ብዙው ከእሱ ይበልጥ ወደ ቀኝ ላሉ ትናንሽ ፓርቲዎች ሄደ። አሸናፊውን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም አያያቸውም።

ስለ ነሐሴው የድምፅ መስጫ ወረቀት አንድ ነገር ልጨምር። የምርጫ ሥርዓቱን የሚቃወሙ ሰዎች ባስመዘገቧቸው ዕጩዎች ብዛት የተወዳዳሪው ቁጥር 214 ደረሰ። ስም የተደረደረበት ወረቀት ስለማይበቃ መራጩ ባዶ መስመር ላይ የዕጩውን ስም በእጁ ጻፈ። ፊደል ቢሳሳትም ማንን እንደፈለገ ግልጽ ከሆነ ይቆጠርለታል። እንዲህ ያለውን ዓመት ከሌሎቹ ጋር ስታነጻጽሩ ምልክት አድርጉበት።

በመጨረሻ፣ እንዲህ ባለ ቦታ እውነተኛው ፉክክር ፓርቲው ዕጩውን ሲመርጥ ነው። የምርጫውን ውጤት ብቻ ስትመለከቱ እሱን አታገኙትም፤ የአካባቢ ጋዜጦችን አገላብጡ። በኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ደንብ ደግሞ ዜግነት ያላገኘ ቋሚ ነዋሪም አባል መሆን ይችላል፣ ይህን ብዙ ወገናችን አያውቅም። ከዚያ የአገሪቱ ምርጫ አስፈጻሚ ኢሌክሽንስ ካናዳ የሚያወጣውን የየጣቢያውን ውጤት ክፈቱና የምትኖሩበትን ከተማ ጣቢያዎች ከአጎራባች የእርሻ ቀበሌዎች ጋር አስተያዩ።