የሰፈራችንን ጎርፍ እንዴት እንዳስቆምነው

የደሴ ክረምት አይጣል ነው። ሐምሌ ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውሃ አፈሩንም ጠጠሩንም ጠራርጎ ወደ ቦርከና ይወርዳል። መሃል ላይ ግን የእኛ ሰፈር አለ። መንገዱን የሚያቋርጠው ቱቦ በደለልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ይደፈንና ጎርፉ ቤት ይገባል። ፍራሽ ከነአንሶላው ሲረጥብ ማየት ያንገበግባል።

ቱቦውን መጥረግ ብቻውን አልረዳንም፤ አንድ ዶፍ መልሶ ይሞላዋል። ጉዳዩን ለቅሬያችን፣ ማለትም ለእድራችን፣ አቀረብኩ። ወሎ ላይ ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚመክርበት ነው። የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ "አብሽር ልጄ፣ ሰው እኔ አመጣለሁ" አሉኝ። አመጡም።

ጠረጋውን ከታች ጀመርን፤ ከላይ ከተጀመረ ጭቃው መሄጃ ያጣል። ከዚያ ከቱቦው አፍ ፈንጠር ብለን ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረን በድንጋይና በሲሚንቶ ገነባን። ውሃው እዚያ ሲደርስ ይረጋጋል፤ አሸዋው ይዘቅጣል።

ዋናው ነገር ግን ከቱቦው ፊት ያቆምነው የፌሮ ፍርግርግ ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ቆሻሻ ይለጠፍበትና ራሱ ግድብ ይሆናል። ወደ ቱቦው ጋደል ሲል ጠርሙሱ ሽቅብ ይንሸራተታል፤ ውሃው ከስር ያልፋል። በብረቶቹ መሃል ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ተውን፤ ከጠበበ ቅጠል ይደፍነዋል።

ዝናብ ባለፈ ቁጥር ተረኛው ቤት ጉድጓዱን ያጸዳል። አሸዋውን ግንብ የሚሠራ ሰው ይወስደዋል። የምትሞክሩት ካላችሁ ጉድጓዱን ክፍት አትተዉት፤ ልጆች አሉ። የእኛ ክዳን የሚነሳ የብረት መረብ ነው።