የቱኒዚያ ኪሮሽ ሲያስቸግር፦ ከእጃችሁ በፊት ዘንጉን ፈትሹ

በለመድነው የዳንቴል ሥራ እያንዳንዱን ቀለበት ወዲያው እንዘጋዋለን። በቱኒዚያው ስልት ግን በመሄጃው ረድፍ ቀለበቶቹ ሁሉ ኪሮሹ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በመመለሻው አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ኪሮሹ ክር ከመሳብ አልፎ ረድፉን በሙሉ ይሸከማል ማለት ነው። ጀማሪዎች ሥራው ሲበላሽ እጃቸውን ሲወቅሱ ሳይ ያሳዝነኛል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኪሮሹ ነውና።

ረድፉ ሳያልቅ ቦታ ይጠባል፣ ቀለበቶች ከኋላ ይወድቃሉ

ኪሮሹ አጭር ነው፣ ወይም ጫፉ ላይ ማቆሚያ የለውም። ለአንገት ልብስ ከ25 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ ጉብታ ያለው ይበቃል። ለደብረ ማርቆስ ብርድ የሚሆን ብርድ ልብስ ካሰባችሁ ግን ገመድ የተቀጠለለትን ግዙ፤ ክብደቱ ጭናችሁ ላይ ያርፋል፣ የእጅ አንጓም አይደክምም። ጉብታ ለሌለው ጫፉን በላስቲክ ጠምጥሙት።

አንዱ ቀለበት ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ይሆናል

የቀለበቱን ስፋት የሚወስነው ዘንጉ ነው፤ ከመንጠቆው ሥር ያለው ቀጭኑ አንገቱ አይደለም። የአውራ ጣት ማረፊያ ያለው ወይም ወደ ኋላ እየወፈረ የሚሄድ ዘንግ ቀለበቶቹን እኩል ሊያደርግ አይችልም። ስትገዙ ከአንገቱ በታች እስከ ጫፉ አንድ ወጥ የሆነውን ምረጡ።

የተጻፈበትን ቁጥርም ዝም ብላችሁ አትመኑ። የአሜሪካና የእንግሊዝ መለያዎች ስለሚለያዩ ሚሊ ሜትሩን ተመልከቱ። ቁጥሩ ከጠፋ ቀጭን ወረቀት ዘንጉ ላይ አንድ ዙር ጠቅልሉና መጋጠሚያው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ርዝመቱን ለክታችሁ ለ3.14 አካፍሉ። 15.7 ሚሊ ሜትር ከመጣ ኪሮሹ 5 ነው፤ 18.8 ከሆነ 6፤ 25.1 ከሆነ 8። ይህንኑ በሦስት ቦታ ብትለኩ ዘንጉ ወጥ መሆን አለመሆኑም ይታወቃል።

ሥራው እንደ ሰሌን ይጠቀለላል

ይህ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተውበት ችግር ነው። የስልቱ ጠባይ ራሱ መጠቅለል ይወዳል፤ ቀጭን ኪሮሽና የተወጠረ እጅ ደግሞ ያብሱታል። ለክሩ ከሚመከረው ኪሮሽ ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚወፍረውን ያዙ። በ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ይሠራ ለሚባል ክር 6 ወይም 7 ማለት ነው፤ ለስላሳና ዘርፈፍ ያለ ጨርቅ ከፈለጋችሁ ከዚያም በላይ። በአዲሱ ኪሮሽ መጀመሪያ ትንሽ ናሙና ሥሩ። በመመለሻው ረድፍ ክሩን አትጎትቱ፤ የመጀመሪያውን ረድፍም ሥራው ከሚጀመርበት ሰንሰለት ጀርባ ካለው የክር ጉብታ ልቀሙ።

የቀረውን መጠቅለል እርጥበት ያስተካክለዋል። ጥጥና ሱፍ ከሆነ አርጥባችሁ፣ ዘርግታችሁ፣ ዳሩን በስፒል ወጥራችሁ አድርቁት። አክሪሊክ በሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ላይ ግን የጋለ ካውያ አታሳርፉ፤ ክሩ ሕይወቱን ያጣል።

ክሩ ይሰነጠቃል ወይም ይያያዛል

የመንጠቆው ራስ ከመጠን በላይ ሹል ነው፣ አለዚያም እንጨቱ አልተላገም። ጥፍራችሁን ከአፉ እስከ ጫፉ አስኪዱ፤ የያዘው ቦታ ክሩንም ይይዛል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ሰም ቀቡት፤ ለጎጃም ሰው መቼም ሰም አይቸግረውም።

የእንጅባራን ቀርከሃ ለምን አንጠርብም የምትሉ ካላችሁ፣ ይቻላል። የደጋው ቀርከሃ ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ዘንጉ ከግድግዳው ውፍረት አያልፍም። ለወፍራም ኪሮሽ ውስጡ ድፍን የሆነው የቆላ ቀርከሃ ወይም በደንብ የደረቀ ወይራ ይሻላል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል።

ቀለበቶቹ ገመዱ መጋጠሚያ ላይ ይቆማሉ

ብሎኑ ላልቷል፤ አጥብቁት። ጠብቆም መጋጠሚያው እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ካለ አትግዙት፤ ያ አይስተካከልም።

ቀለበቶቹ ይሾልካሉ፣ ወይም አልንሸራተት ይላሉ

አሉሚኒየም ያንሸራትታል፣ ቀርከሃ ይይዛል። ለሚያሾልክ ክር ቀርከሃ፣ በእንዝርት ለተፈተለ ሻካራ የጥጥ ፈትል አሉሚኒየም ተጠቀሙ። የአሉሚኒየሙ ቀለም መላጥ ከጀመረ ነጭ ፈትል ላይ አታውሉት፤ ያጠቁረዋል።