ለኤልክ አደን ተስማሚ የጠመንጃ ካሊበር እንዴት ይመረጣል

ኤልክ በሰሜን አሜሪካ ተራሮች የሚኖር፣ ከአጋዘን ወገን የሆነ ግዙፍ እንስሳ ሲሆን ያደገ ወንዱ 300 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ቆስሎ ረጅም መንገድ መሄድ ስለሚችል፣ ካሊበሩ (የአፈሙዙ የውስጥ ስፋትና የሚጎርሰው ጥይት ዓይነት) መመረጥ ያለበት እንስሳው ሳይሠቃይ ፈጥኖ እንዲሞት ታስቦ ነው።

በመጀመሪያ የሚያድኑበትን ግዛት ሕግ ያንብቡ። ለምሳሌ የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ለኤልክ ከ.24 ኢንች ያላነሰ ካሊበር፣ ቢያንስ 85 ግሬን (5.5 ግራም ገደማ) የሚመዝንና ሲመታ የሚሰፋ አረር፣ እንዲሁም በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ (የአረር ጉልበት መለኪያ ነው) ጉልበት ትጠይቃለች። ይህ ግን ዝቅተኛው መጠን ነው፤ ብዙ አዳኞች አረሩ እንስሳው ዘንድ ሲደርስ 1,500 ፉት ፓውንድ እንዲቀረው ይፈልጋሉ፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ የሚተኩሱበትን ርቀት ይገምቱ። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ .308 ዊንቸስተር የተባለው ጥይት ይበቃል። ከአንዱ ገመገም ወደ ሌላው በሚተኮስበት ገላጣ አገር ግን ማግነም ከሚባሉት ባሩዳቸው የበዛ ኃይለኛ ጥይቶች 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም ወይም .300 ዊንቸስተር ማግነም ጉልበቱን ይዞ ሩቅ ይሄዳል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ብቻ መያዝ ለሚፈልግ .30-06 ስፕሪንግፊልድን አስቀድማለሁ፤ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1906 የተቀበለው ይህ ጥይት፣ በአገራችን ኤም ዋን የሚባለው ጠመንጃ የሚጎርሰው ነው።

ከካሊበሩ ይልቅ በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባው የአረሩ አሠራር ነው። በስስ መዳብ የተለበጠ ለስላሳ እርሳስ የትከሻ አጥንት ሲያገኝ ተበታትኖ ሳንባ ሳይደርስ ሊቀር ስለሚችል፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ፣ ልባሱ ከእርሳሱ ጋር የተዋሐደ፣ ወይም እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ እንደሚሸጠው ኖስለር ፓርቲሽን መሀሉ ላይ ክፍልፋይ ያለው አረር ይምረጡ። እንዲህ ያለ አረር የያዘ .270 ዊንቸስተር፣ ደካማ አረር ከያዘ ማግነም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻም ጠመንጃው ሲተኮስ ትከሻን የሚመታበትን ኃይል ይመዝኑ፤ ምቱን የሚፈራ ሰው ቃታ ሲስብ ይሸማቀቅና ዒላማውን ይስታል። ከመግዛትዎ በፊት ተቀምጠውም ተንበርክከውም ይሞክሩ፤ ሁሉም ጥይት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ የሚያርፍበት ርቀት የእርስዎ ወሰን ነው። በማግነም የማይሳካልዎ ትከሻን ቀለል አድርጎ በሚመታው 7 ሚሊ ሜትር-08 በተባለው ጥይት ከተሳካ፣ እሱን ይዘው ወደ እንስሳው ይበልጥ ይጠጉ።