የተሰነጠቀ የሶላር ፓኔል ጣሪያ ላይ አይክረም

የሶላር ፓኔላችሁ መስታወት በበረዶ ወይም በድንጋይ ከተሰነጠቀ «አሁንም ይሠራል» ብላችሁ አትተዉት። አመሻሽ ላይ በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ አውርዱት (ቢሰበርም ብርሃን እስካገኘ ድረስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ይነዝራል)። ስንጥቁን በሰፊ ፕላስተር ለጥፉና በላስቲክ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

የፓኔሉን ሴሎች (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡትን ክፍሎች) የሚያያይዙት ብር የሚመስሉ ቀጫጭን ሽቦዎች የተበየዱበት ቅይጥ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ። እሱን ቀስ በቀስ አጥቦ የሚያወጣው በስንጥቁ የሚገባው ውሃ ነው፤ ደረቅ ከሆነ እዚያው ይቀራል። የጣሪያ ውሃ በበርሜል የምታጠራቅሙ ደግሞ ፓኔሉ እስኪወርድ አሸንዳውን ከበርሜሉ አርቁት።

ፕላስተሩ ለማስቀመጫ እንጂ ለጥገና አይሆንም፤ መልሳችሁ እንዳትሰቅሉት። በውስጡ ላለው የሽቦ መዳብ ብላችሁም አታቃጥሉት፣ ጭሱ ራሱ መርዝ ነው።