ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት፦ አማኝ ነጋዴ እንዴት ይወስን?

ነሐሴ ነው እንበል። ባሕር ዳር ውስጥ ዓሣ ቤት አለዎት፤ አምስት ሠራተኞች ያስተዳድራሉ። አንድ ነጋዴ መጥቶ እስከ መስከረም መጨረሻ ነጭ ዓሣ በርካሽ ላቅርብልዎት፣ ቀብዱን ግን ዛሬ ይክፈሉኝ ይላል። መጸለይ እንዳለብዎት ያውቃሉ። ሌላስ?

መጀመሪያ ጥያቄውን ጥርት አድርገው ይጻፉት፦ ከማን፣ ስንት ቀብድ፣ ለስንት ጊዜ።

ሁለተኛ፣ ያስሉ። ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ጌታ ራሱ ተናግሯል (ሉቃስ 14፥28)፤ ስሌት የእምነት ማነስ ነው የሚልዎትን አይስሙት። ከአንድ ኪሎ ዓሣ የሚወጣው ሥጋ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነው። በዚህ ወቅት ደግሞ ሆዱ በዕንቁላል የተሞላ ዓሣ ይበዛል። አንዱን ቀድደው ዕንቁላሉን ለብቻው ይመዝኑት፤ ርካሽ የተባለው ዋጋ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሄደው ይዩ። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ከመጠገኑ በፊት ሌሊት ተነሥቶ፣ ያሰበውን ለማንም ሳይናገር፣ ፍርስራሹን ዞሮ አይቷል። እርስዎም ዓሣው የት እንደተያዘ ያጣሩ። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ብዙ ዓሣ በቀላሉ ያፍሳል፤ የሚያፍሰው ግን ዓሣው ገና ያልጣለውን ዕንቁላል ጭምር ነው። በታንኳ የሚያጠምደው ጎረቤትዎም ከዚሁ ውኃ ይበላል።

አራተኛው ምክር መጠየቅ ነው፤ ብዙ አማኝ አለቆች የሚስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው «ጸልዬበታለሁ፤ እግዚአብሔር በሩን ከፍቶልኛል» ብለው ይጀምራሉ። ከዚህ በኋላ ማን ይናገራል? አለቃን መቃወም በራሱ ከባድ ነው፤ እግዚአብሔር አዘዘ የተባለውን መቃወምማ ማን ይደፍራል! ስለዚህ እርስዎ መጨረሻ ይናገሩ። ዓሣ የምትበልተው ሠራተኛ ትቅደም፤ ቢላዋው በእጇ ነውና እርስዎ ያላዩትን አይታለች። ዝም ካሉ «ይህ ውል ቢከሽፍ በምን ምክንያት ይከሽፋል?» ብለው ይጠይቋቸው። ለንስሐ አባትዎ ስለ ልብዎ ይንገሯቸው፤ ስለ ዋጋው ግን ገበያ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ።

ከዚያ የመወሰኛ ቀን ይቁረጡ፤ ዓርብ ካሉ ዓርብ ይሁን። ጸሎቱ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይሂድ፤ ነገር ግን «እምቢ» የሚል መልስም ለመቀበል ተዘጋጅተው ይጸልዩ። ውሉን ትተው ገቢ ቢቀንስ ጉድለቱ በሠራተኛ ደመወዝ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድመው ያስቡበት፤ የተከለከለ ደመወዝ እንደሚጮኽ ያዕቆብ በመልእክቱ ጽፏል።

መልሱን ለነጋዴው ራስዎ ይንገሩት። አልገዛም ካሉ ምክንያቱን አይደብቁት፤ ወንዞቹ ጎድለው ዓሣው ወደ ሐይቁ ሲመለስ ደግሞ እንዲመጣ ይቅጠሩት።