ባጃጅ ወጥቶላችሁ ዕዳ እንዳትገቡ፦ በሽልማት ግብር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የአዲስ ባጃጅ ቁልፍ እያንጠለጠለ ቢሮዬ ገባ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ቢሮ ማለቴ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። "ጋሼ፣ ዕጣ ወጣልኝ!" አለኝ። እንኳን ደስ አለህ ብዬ ሳልጨርስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። የርክክብ ሰነድ ነው። "የሽልማቱ ዋጋ 620,000 ብር" ይላል፤ ከሥሩ ፊርማው አለ። ያንኑ ባጃጅ፣ ያንኑ ሞዴል፣ ከተማችን ውስጥ በ510,000 የሚሸጡ ሰዎች አውቃለሁ። ግብሩ የተሰላበት ግን በዚያው በ620,000 ነው።

"ከፈረምክ በኋላ ምን ልታደርግ መጣህ?" ብዬ ተቆጣሁት። በኋላ ቆጨኝ። ማን ነግሮት ይወቅ?

ሕጉ ራሱ አጭር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በዕድል ሙከራ፣ ማለትም በሎተሪና በዕጣ፣ በተገኘ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጣለ። ከ1,000 ብር በታች ያለውን ተወው። ለትኬት ያወጣችሁትን፣ ሳይደርሳችሁ የቀረውን ሁሉ ደምራችሁ "ይቀነስልኝ" ማለት የለም። ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ሸላሚው ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ተመኑን አምና ከደረሰው ጎረቤት ሳይሆን ከገቢዎች ጠይቁ፤ እኔ እዚህ የማሰላው በ15 በመቶ ነው።

ጥሬ ብር ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ 100,000 ከደረሳችሁ 85,000 ትቀበላላችሁ። ጣጣው ዕቃ ሲሆን ነው። ከባጃጅ ላይ ጎማ ተፈቶ ለመንግሥት አይሰጥም፤ ስለዚህ ቁልፉን ከመውሰዳችሁ በፊት ግብሩን በጥሬው አምጡ ትባላላችሁ። ለመሆኑ የምን ያህሉ 15 በመቶ?

ደሜን የሚያፈላው ስህተት እዚህ ጋ ነው፦ ፖስተሩ ላይ የተጻፈውን ዋጋ የዕቃው ዋጋ ብሎ መቀበል። ፖስተር የሚጽፈው የማስታወቂያ ሰው ነው። የእሱ ሥራ ፍራንኮ አደባባይ ላይ ቆሞ የሚያነብ መንገደኛ "ወይ ጉድ!" እንዲል ማድረግ ነው። "እስከ 620,000 ብር የሚያወጣ" ሲል "እስከ" የምትለዋን ቃል በትንሹ፣ ቁጥሩን በትልቁ ይጽፋል። አንዳንዱ ኢንሹራንሱን፣ የሰሌዳ ወጪውን፣ ተለጣፊ ማስታወቂያውን ሳይቀር ይደምርበታል። ሌላው ዘመቻው ሲታቀድ የነበረውን ዋጋ እንዳለ ይተወዋል። ከዚያ የፋይናንስ ክፍሉ ያንኑ ቁጥር ገልብጦ ርክክቡ ላይ ያሰፍርና አሸናፊው በደስታ እያነባ ይፈርማል። የ620,000 ግብር 93,000 ነው፤ የ510,000 ደግሞ 76,500። ልዩነቱ 16,500 ብር። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ለሚውል ልጅ ይሄ ገንዘብ ስንት ቀን እንደሚያሠራው እሱ ያውቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመፈረማችሁ በፊት፣ ደግሜ እላለሁ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ሸላሚው ዕቃውን የገዛበትን ደረሰኝ ኮፒ ጠይቁ። ካልሰጧችሁ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ፣ ማለትም ሱቁ ዕቃውን በስንት እንደሚሸጥ የሚገልጽ ወረቀት፣ ሰብስቡ፤ ሞዴሉ፣ የተመረተበት ዓመትና ቀኑ በግልጽ ይጻፍበት፣ ማኅተም ይኑረው። ከማመልከቻ ጋር አስገቡና የእናንተ ኮፒ ላይ "ደርሶናል" አስብላችሁ አስፈርሙ። አልሰማ ካሉ "በተገለጸው ዋጋ ሳልስማማ ተረክቤያለሁ" ብላችሁ ከፊርማችሁ በላይ ጻፉ። ጉዳዩ ገቢዎች ደርሶ የግብር ውሳኔ ከተሰጣችሁ ቅሬታ ለማቅረብ ያላችሁ ጊዜ 21 ቀን ነው፤ በዓልም ለቅሶም ብሎ አይጠብቃችሁም።

አንድ ደንበኛዬ ደግሞ በተቃራኒው ከአጎቱ ልጅ ሱቅ በግማሽ ዋጋ ፕሮፎርማ አጽፎ መጣ። መልሼ ላክሁት። ሌባ ሊያደርገኝ ነው እንዴ!

በዋጋ መሟገት የእኛ አገር ብቻ አመል አይምሰላችሁ። አሜሪካ ሸላሚው የሽልማቱን ዋጋ 1099 በሚባል ቅጽ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያሳውቃል፤ ባለዕድሉም ከሌላ ገቢው ጋር ደምሮ ይገበርበታል። እዚያም "ዋጋው ተጋነነ" የሚል እሮሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተወሰነ ጉዳይ ነው፦ ተርነር የተባሉ ባልና ሚስት በሬዲዮ ፕሮግራም የመርከብ ጉዞ ትኬት ደረሳቸው። የትኬቱ ዋጋ 2,220 ዶላር ነበር፤ እነሱ 520 ብቻ አሳወቁ። ፍርድ ቤቱ በራሳቸው ገንዘብ የማይገዙት ቅንጦት መሆኑን አይቶ 1,400 ላይ ቆረጠው። ቁጥሩን ሳየው የደላላ "በሉ መሃል ላይ ተገናኙ" ይመስለኛል። እኛ ጋ ግን "እኔ ራሴ ብሆን አልገዛውም ነበር" በሚል ክርክር አትድከሙ። የሚሠራው ፕሮፎርማ ነው።

"ግብሩን እኛ እንሸፍናለን" የሚል የመድረክ ላይ ቃል አትመኑ። ማይክ ይዞ የሚያወራው ሰው በማግስቱ ስልክ አያነሳም። በጽሑፍ፣ በማኅተም ይሁን።

አራጣ! ይሄን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ከዓመታት በፊት አንዲት ሻይ ቡና የምትሸጥ እናት ቪትዝ ወጣላት። ግብሩን ለመክፈል ከሰፈር አራጣ ተበደረች። መኪናው በስሟ እስኪሆን ወለዱ ሲቆጠር ደላላው "በውክልና እንሽጠው" አላት፤ ከገበያው በታች ሸጠች። ገዢው ስም ሳያዛውር ዓመት ሙሉ ነዳ፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስሟ ስለሆነ ሲጋጭ የተፈለገችው እሷ ናት። ብሩ ከሌላችሁ መጀመሪያ ሸላሚውን ቀን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የዕቃውን ምትክ በጥሬ ብር ይሰጡ እንደሆነም ጠይቁ። "ሸላሚ ተጠየቀ ብሎ ሽልማቱን ይነጥቀኛል" የሚል ፍርሃት አለ። ጥያቄ የተጠየቀ ሁሉ ቢነጥቅ ኖሮ እኔ ሥራ አይኖረኝም ነበር።

ሁሉም ሽልማት ዕጣ አይደለም። ይሄን ነጋዴዎች ሆን ብለውም ሳያውቁም ያምታቱታል። አከፋፋይ ሆነህ "ብዙ ስለሸጥክ" መኪና ከተሰጠህ ያ የንግድ ገቢህ ነው። ቀጣሪህ "የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ" ብሎ ከሸለመህም ከደመወዝህ ጋር የሚታይ ነው፤ የደመወዝ ግብር ጣሪያው ደግሞ 35 በመቶ ይደርሳል። ዕጣ ማለት ያለ ሥራ፣ በዕድል ብቻ የመጣ ነው። በተቃራኒው ባለሱቅ ሆናችሁ በዕጣ የደረሳችሁን ፍሪጅ ሐምሌ ላይ ከሱቁ ገቢ ጋር ደምራችሁ አታሳውቁ፤ የዕጣ ግብር አንዴ ከተቀነሰ አበቃ፣ የመጨረሻ ነው።

ትኬት አብራችሁ ከቆረጣችሁ ግብሩንም አብራችሁ እንደምትችሉት ዕጣው ሳይወጣ ተነጋገሩ።

ደረሰኝ። እዚህ ላይ ራሴን ላጋልጥ። ወጣት ሳለሁ ከአንድ ሱቅ በዕጣ ቴሌቪዥን ወጣልኝ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ ባይ፣ ግብሩን ከፍዬ የተቀነሰበትን ደረሰኝ ሳልቀበል ካርቶኑን ተሸክሜ ወጣሁ። ቤት ስከፍተው ፖስተሩ ላይ ካለው በሁለት ኢንች ያነሰ፣ ሞዴሉም የቀድሞው ነው። ተመልሼ ብሄድ "በምን እናውቃለን ከእኛ እንደወሰድክ?" አሉኝ። ባለቤቴ እስካሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች። የተቀነሰው ግብር ደረሰኝ ላይ ስማችሁ፣ የዕቃው ዓይነትና የገንዘቡ መጠን ይኑር። ነገ ቤት ልትገዙ ስትሉ "ብሩ ከየት መጣ?" ቢባል የምታሳዩት እሱን ነው።

"ሽልማት ደርሶዎታል፣ ግብሩን በዚህ ስልክ ይላኩ" የሚል ጥሪ ሌባ ነው። ግብር በግለሰብ ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ አይገባም። ዕጣው ውስጥ ሳትገቡ ደግሞ ማን ያወጣላችኋል?

ያ ልጅ በማግስቱ ሦስቱን ፕሮፎርማ ይዞ መጣ፤ አንዱ 505,000፣ ሁለቱ 510,000። ደብዳቤውን ጻፍንለት፣ የሸላሚው ፋይናንስ ክፍልም ተቀብሎ ማኅተም መታበት። መልስ ገና አልመጣም። እሱ ግን ባጃጁን ከመብራት ኃይል ፖስታ ቤት መሥራት ጀምሯል፤ በቢሮዬ ሥር ባለፈ ቁጥር ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል። እኔም በመስኮት ብቅ ብዬ "ገና ነው" እለዋለሁ።